የጢሮስ ድርሻ

ውድ እታለም እናኑ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጣንዮስስ እንዴት ነው፣ ጉልበቱ ተሻለው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ኤልሳቤጥ በጣም ሰላም ብላሻለች። ኖላዊትም «ሃይ በልልኝ» ብላለች፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከስልኳ ቀና ብላ ይህን ማለቷ ትልቅ ነገር ነውና በሙሉ ልብሽ ተቀበይው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በቮይስ ብልክልሽ ግማሹን ሰምተሽ «ኻላስ፣ በቃ ሳህልዬ» ብለሽ እንደምትዘጊው አውቃለሁ። ስንከራከርም መስመሩ ይቆራረጣል፤ የሚቆራረጠው ደግሞ ሁልጊዜ አንቺ ያሸነፍሽ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀት ገዝቼ፣ ትራኬን ሲያትል ወደብ በር ላይ ሰልፍ አስይዤ፣ መሪው ላይ ደገፍ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። ሲያልቅ ኤልሳቤጥ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ጉዳዩን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የአሜሪካ ዜጋ የሆንኩ ሰሞን ወደዚህ እንድትመጪ ያስገባሁልሽ ማመልከቻ፣ ኖላዊት ሳትወለድ የተጀመረው፣ ይኸው ተራው ደርሶ ቤሩት ለኢንተርቪው ተጠርተሻል። እኔ እዚህ በደስታ ላብድ ምንም አልቀረኝም ነበር። ምድር ቤቱን ቀለም አስቀባሁት። ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ላሉት ባለሱቆች ሁሉ «እህቴ ልትመጣ ነው» እያልኩ አወራሁ። ያንቺ መልስ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት መጣ፤ ደጋግሜ ስለሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ሳህልዬ፣ እግዜር ያክብርልኝ ወንድሜ። ግን አልመጣም። ጣንዮስ ባሕሩን ትቶ የት ይገባል? እኔስ ብሆን? ሱር ነው ቤቴ። እንዳትቆጣ፣ እሺ? ያላ፣ ዓሣው እያረረብኝ ነው።»

ዓሣው እያረረብኝ ነው! ስንት ዓመት የጠበቅነው ነገር በአንድ መጥበሻ ዓሣ ተዘጋ። ተቆጣሁ እንጂ፣ እንዴት አልቆጣ! መልሼ ደወልኩና ባልሽም አብሮሽ መምጣት እንደሚችል፣ እዚህም ባሕር እንዳለ፣ ዓሣም እንደሞላ ነገርኩሽ። «የእናንተ ዓሣ ጣንዮስን አያውቀውም» አልሽኝና ሳቅሽ። በታሪክ ላሸንፍሽ የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው።

ታሪኩ እንዴት እጄ እንደገባ ልንገርሽ። እዚህ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስም የምንጠጣው ጽዋ ማኅበር አለን። አብዛኞቻችን ሾፌሮች ነን፤ አንዱ አውቶብስ ይነዳል፣ አንዱ ታክሲ፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ከወደብ ኮንቴይነር ይጎትታል። ሰኔ ላይ አባ ኪዳነ ወልድ ሲያስተምሩ አባ ሰላማ በልጅነታቸው ከወንድማቸው ጋር ከጢሮስ ከተማ እንደመጡ አነሡ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሽ ይርጉ፣ «አባታችን፣ ይቺ ጢሮስ የሚሏት አሁን አለች ወይስ ጠፍታለች?» ብለው ጠየቁ። እኔ ከአባ ቀድሜ፣ «አለች እንጂ! ዛሬ ሱር ነው የምትባለው፣ ሊባኖስ ውስጥ። እህቴ እዛ ነው የምትኖረው» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ እኔን ማየት ጀመረ፣ ራሴ ከአባ ሰላማ ጋር በመርከብ የመጣሁ ይመስል። ሙች እውነቴን ነው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የማኅበሩ ሰው ሲያገኘኝ ከልጄ በፊት የሚጠይቀኝ ስለ አንቺ ነው። ጋሽ ይርጉም እዚያው፣ «በል እንግዲህ፣ ለዓመታዊው በዓል የከተማዋን ታሪክ አንተ ታቀርባለህ» ብለው ፈረዱብኝ። እሺ አልኩ። ወሬ ላይ ማን እንደኔ!

ከዚያ በኋላ እዚህ ሰልፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የማላነበው፣ ጆሮዬ ላይ የማልሰካው ነገር አልነበረም። ባነበብኩ ቁጥር ደስ አለኝ፤ ለምን ብትይ፣ ከተማሽ ያልደረሰባት መዓት የለም። በየገጹ «ይኸው፣ ይህን ስትሰማ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች» እላለሁ። ለማኅበሩ የሚሆነውንና ለአንቺ የሚሆነውን በአንድ ድንጋይ ልመታ ነው ያሰብኩት።

በዓሉ ግን ሊበላሽ ነበር። ጸሐፊያችን ያፌት እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ ሐምሌ ሃያ ስድስት አዳራሽ ያዝ ተባለና ለጁላይ ሃያ ስድስት ያዘ። የእኛ ሐምሌ ሃያ ስድስት በዚህ አገር ኦገስት ሁለት ላይ እንደሚውል አልመጣለትም፤ ሁለቱም ደግሞ ቅዳሜ ስለዋሉ ማንም አልጠረጠረም። ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ እያለ የአዳራሹ ሰው ለጋሽ ይርጉ ደውሎ «በሩን ከፍቼ እየጠበቅኳችሁ ነው፣ የት ናችሁ?» አላቸው። ለትክክለኛው ቀን ስንጠይቅ ሠርግ ተይዞበታል። ያፌት «አይ አም ሶ ሶሪ፣ እኔ እኮ ጁላይ መስሎኝ» እያለ ሲለማመጥ፣ የማኅበራችን ትልቅ እማማ ደስታነሽ ገላገሉት። «ጻድቁ በመርከብ የመጡ ናቸው። ውሃ ዳር እናድርገው፣ ደስ ይላቸዋል» አሉ። እናም ሱዋርድ ፓርክ ሄድን።

ፓርኩን ብታይው ትወጂዋለሽ። ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ጫካ ነው፣ ከከተማው ጋር የሚያያዘው በቀጭን መሬት ነው፤ ድሮ ውሃው ሲሞላ ደሴት ይሆን ነበር ይላሉ። ድፎው ተቆረሰ፣ ወጡ ተበላ፣ በጠላው ፋንታ ብርዝ ተቀዳ፤ ፓርክ ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው ብሎ ያፌት ስላስፈራራን ነው፣ ከቀኑ ስህተት በኋላ ሕግ አክባሪ ሆኗል። ከዚያ ጋሽ ይርጉ «ሳህሌ፣ ቀጥል» አሉኝ።

ልጆቹን ውሃው ዳር ሰበሰብኳቸው። ትልልቆቹ ወንበራቸውን ይዘው ከኋላ መጡ። ከውሃው ወጣ ያለ አንድ ድንጋይ መረጥኩና «ይቺ ጢሮስ ናት» አልኩ። «ደሴት ነበረች። ዙሪያዋን ግንብ፣ ሁለት ወደብ። ንጉሡ ኪራም ለሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ዝግባ በባሕር አንሳፍፎ የላከው ከዚህ ነው።» ቀንድ አውጣውንም ነገርኳቸው፤ አንድ ውሻ ባሕር ዳር የሚገኘውን ቀንድ አውጣ ነክሶ አፉ ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘና ነገሥታት የሚለብሱት ቀለም ተገኘ የሚለውን አፈ ታሪክ። አንዲት ቀሚስ ለማቅለም ስንት ሺ ቀንድ አውጣ እንደሚጨፈለቅና ከተማዋ በሙሉ እንዴት እንደምትገማ ስነግራቸው «ኢው!» አሉ፣ ኖላዊት ሳትቀር። አንቺም አንድ ጊዜ ጣንዮስ ከመረቡ የለቀመውን እሾሃማ ቀንድ አውጣ ፎቶ ልከሽልኝ «ይሄ ነገር ምንድን ነው፣ ይበላል?» ብለሽኝ ነበር። ያ ነው እንግዲህ። የቄሣር ካባ ነው በድስት ልታበስይው የነበረው።

ከዚያ ወደ መዓቱ ገባሁ። «ናቡከደነፆር አሥራ ሦስት ዓመት ከበባት። ከሱ በኋላ ታላቁ እስክንድር መጣ። ደሴት ናትና በእግር አይደረስባትም። ምን አደረገ? በየብስ በኩል የነበረውን አሮጌውን ከተማ አፍርሶ ድንጋዩን ወደ ባሕር ጨመረ። በሉ፣ እናንተም ጨምሩ!» ልጆቹን መያዝ አልተቻለም። ከየአቅጣጫው ጠጠር እያመጡ ከዳር እስከዚያች ድንጋይ መንገድ ሠሩ፤ ትንንሾቹ ጫማቸውን አበስብሰው እናቶቻቸው ጮኹ። መንገዱ ድንጋዩን ሲነካ «እንዲህ ነው የገባባት» አልኩ። «ብዙውን ሰው ገደለ፣ የቀረውን ለባርነት ሸጠ። ከሱም በኋላ አላበቃም፤ ሮማውያን መጡ፣ የመስቀል ጦረኞች መጡ፣ እነሱን ያባረሩት አፈረሷት፣ የምድር መንቀጥቀጥ መታት። እስከ ዛሬም ይደበድቧታል።»

ኖላዊት በዚህ መሃል፣ «ሶ ዳድ፣ ደሴቷ አሁን የት አለች?» አለችኝ።

«የለችም። እስክንድር የሠራው መንገድ ዳርና ዳሩ አሸዋ እየሰበሰበ ሰፋ፣ ከየብስ ጋር አንድ ሆነች። ዛሬ ሰፈር ነው፣ መኪና ይሄድበታል። አክስትሽ ገበያ ስትሄድ በላዩ ነው የምታልፈው።»

«ሶ ሊያጠፋት የሠራው መንገድ ላይ ሰው ቤት ሠራበት?»

«አዎ።»

«ኩል» አለች። ልጅ እያለሁ ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ዳር ልብስ ስታጥቢ እኔን ዝም ለማሰኘት ድንጋይ በውሃ ላይ ማዝለል አስተምረሽኝ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ያን ለሷ አስተምሬያት ነበርና ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስታ በጢሮስ አናት ላይ አዘለለችው። እኔ ግን «ኩል» ያለችው ነገር አልተመቸኝም። ለአንቺ ያዘጋጀሁት ክርክር በአንድ ጥያቄ ወደ ሌላ በኩል ሲያጋድል ታወቀኝ።

ቶሎ ብዬ ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ተሻገርኩ። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከጢሮስ ሰው ጋር በቀይ ባሕር ሲጓዙ መርከባቸው እንደተመታ፣ ሕፃናቱ ብቻ ተርፈው አክሱም ቤተ መንግሥት እንደገቡ። ፍሬምናጦስ ለንጉሡ መዝገብ ያዥ፣ ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ነፃ ለቀቃቸው፣ ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ እንዲቆዩላት ለመነቻቸው፤ ቆዩላት። ልጁ ሲያድግ ሄዱ። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ደርሶ ጳጳስ ሆኖ ወደ እኛ ተመለሰ፤ አባ ሰላማ እሳቸው ናቸው። እልልታው ቀለጠ። ጨርሻለሁ ብዬ ጎንበስ ስል እማማ ደስታነሽ እጃቸውን አወጡ።

«ወንድሙስ? ጠጅ አሳላፊው ምን ሆነ?»

«እሱማ አገሩ ገባ፣ እማማ። ወላጆቹን ለማየት እየተቻኮለ ጢሮስ ገብቶ እዛው ካህን ሆነ። ይህን ሁሉ ታሪክ የጻፈው ሰው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው የሰማሁት ብሏል።»

«አሃ። እሱ ባይመለስ እኛ ታሪኩን አናውቀውም ነበራ?»

«ምናልባት፣ እማማ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ወንድሙን እየዘከርን እሱን ድርሻ ነፍገነዋል ማለት ነው» አሉ። ማኅበራችን ውስጥ የቀረ ሰው ድርሻው አይበላም፤ በበሽታም ይሁን በሥራ የቀረ አባል ዳቦው ተቆርጦ ይቀመጥለታል፣ ጎረቤቱ የሆነ ያደርስለታል። እማማ ደስታነሽ ተነሥተው ከድፎው አንድ ጥሩ ቁራጭ አነሡ፣ አባ ኪዳነ ወልድ ባረኩት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉና እኔ ጋ ይዘው መጡ። «ያዝ። የኤዴስዮስ ነው። እህትህ ጎረቤቱ ናት፣ ትቀበልለት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። «እማማ፣ እህቴ እኮ ወደዚህ ልትመጣ ነው» አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። «እሷ ከመጣችማ ማን ይቀበልለታል?» አሉና ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

እታለም፣ ወሬ ላይ ማን እንደኔ ያልኩሽ ሰውዬ፣ ዳቦ ታቅፌ ውሃ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ይህን የምጽፍልሽ ሃርበር አይላንድ ላይ ሆኜ ነው። ስሙ ደሴት ነው እንጂ ሰው የሠራው ነው፤ አፈር አምጥተው ባሕር ውስጥ ደፍተው፣ ክሬንና ኮንቴይነር አቁመውበታል። በየቀኑ ሰው በደፋው አፈር ላይ እየነዳሁ እንጀራዬን እበላለሁ፣ ማንም «ይሄ ያንተ መሬት አይደለም» ብሎኝ አያውቅም። ሲያትል ከተማዬ ናት። ከቢሾፍቱ ለምን መጣህ፣ መቼ ትመለሳለህ የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ቤቴ ያለሁበት ነው እለዋለሁ። ይህን ስል ግን ስለ አንቺ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን አሰብኩ። ፍሬምናጦስ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሊያገለግል ገባ፤ ነፃ ሲለቁት ሄደ፤ ከሄደ በኋላ ወድዶ ተመለሰ። አንቺም ሱር የገባሽው ማዳም ቤት ልትሠሪ ነው። ማዳም ሲሞቱ ልጆቻቸው ፓስፖርትሽን ሰጥተው «በሰላም ሂጂ» አሉሽ። ቢሾፍቱ መጣሽ፣ እናታችን ድግስ ደገሰች፣ ሁላችንም አበቃ አልን። ሦስት ወርም አልቆየሽ፣ ተመልሰሽ ሄደሽ ያንን ዝምተኛ ዓሣ አጥማጅ አገባሽ። እናታችን «ምን አስነክቷት ነው?» እያለች ስንት ቤተ ክርስቲያን ተሳለች! ባለፈው ጦርነት ጊዜም ሰው ሁሉ ከተማውን ለቅቆ ሲወጣ ወጥታችሁ፣ ተኩስ ቆመ የተባለ ዕለት ፍራሻችሁን መኪና ጣሪያ ላይ አስራችሁ ከፊተኞቹ ጋር ገባችሁ። «መስኮቱ ረግፏል፣ ግድግዳው አለ፣ ጀልባውም አለ» ብለሽ ነው የደወልሽልኝ። ድምፅሽ ውስጥ የነበረው ደስታ ነበር። እኔ ያኔ ድንጋጤ መስሎኝ ነበር።

ፍሬምናጦስን «ለምን አገርህ አልገባህም?» ብሎ የወቀሰ ኢትዮጵያዊ አላየሁም። ይልቁንስ አባታችን እንለዋለን፣ በስሙ ጽዋ እንጠጣለን። ጢሮስ አንድ ልጅ ሰጥታን አላስመለሰችብንም። እኛም አንድ ልጅ ሰጥተናታል፤ በዕቃ ማጠቢያና በመጥረጊያ ጀምራ ዛሬ ወደቡ በሙሉ በስሟ የሚጠራት፣ የእኛ አገር ሴቶች እሑድ እሑድ ቤቷ ተሰብስበው አብረዋት የሚስቁ። በምን አፌ ነው እኔ የማስመልስሽ? ነይ ያልኩሽ ካንቺ ጋር ብዙ የምኖረው ነገር ስለነበረኝ ነው እንጂ፣ እታለም። አንድ ከተማ ውስጥ እንድናረጅ ፈልጌ ነው። ናፍቀሽኛል። ይኸው ነው ክርክሬ በሙሉ፤ ናቡከደነፆርንም እስክንድርንም የጠራኋቸው ይህን ላለማለት ነው።

ስለዚህ ቤሩት አትሂጂ። ቀጠሮውን ተይው፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ አልተቀየምኩም። ምድር ቤቱን ኖላዊት ወስዳዋለች፣ የቀለሙን ምርጫ ተችታ ነው የገባችው።

ድርሻው ግን መድረስ አለበት። ኤልሳቤጥ ዳቦውን ቆራርጣ ፀሐይ ላይ አድርቃዋለች፤ እንዳይሻግት ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ ለጥቅምት። ኖላዊትም አብራኝ ትመጣለች፤ ሰው ቤት የሠራበትን መንገድ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ጊዜው አያስተማምንም ልትይኝ ነው። አንቺ ዕድሜሽን የኖርሽበት ቦታ እኔን ለሁለት ሳምንት አይከብደኝም። ጣንዮስን ንገሪው፣ በጀልባው ዙሪያዋን ያዞረናል፤ ሁለቱን ወደቦች ከባሕር በኩል ማየት አለብኝ። ከዚያ አንዱ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ወይም እዛ ድንጋዮቹ መሃል፣ አንቺ የምትመርጪው ቦታ ቁጭ ብለን የኤዴስዮስን ድርሻ በስሙ እንቆርሳለን። ተመልሼ ስመጣ እማማ ደስታነሽ «ደረሰው?» ማለታቸው አይቀርም። «እህቴ ተቀብላለታለች» እላቸዋለሁ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፉብኝ ነው። ወደቡ ላይ ጠብቂኝ፣ ጣንዮስ ጀልባውን የሚያስርበት ጋ። ስንደርስ ረጅም ጊዜ አቅፌሽ ስለምቆይ፣ ምድጃ ላይ ጥደሽ የመጣሽው ዓሣ ካለ ተይው ይረር።

ወንድምሽ ሳህሌ
ከሲያትል ወደብ